አቡጀዲው ቀሚስ በማን ልክ ተሰፋ

ሴትዮዋ ገና በሩን ገፍታ ስትገባ አልጣመችኝም። ለምን ብትሉኝ ምክንያት የለኝም። ፈገግታዋ ከእሷ ቀድሞ ነው የገባው፤ እኔ ደግሞ ሳላውቀው የሚስቅልኝን ሰው አላምንም። ያኔ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ የአንድ ላውንደሪ ቤት ጥግ ተከራይቼ ልብስ አስተካክል ነበር። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሠርጓ ሲደርስ ቀሚሷ ለጠበባት ሙሽራ ጎኑን ፈትቼ አሰፋለሁ። ደንበኛ ልብሱን ጣል አድርጎ ይሄዳል እንጂ ቆሞ አይስቅልኝም።

ይዛ የመጣችው ልብስ ግን ዓይኔን ያዘው። በሁለት እጇ ታቅፋ ስታሳርፈው ጠረጴዛዬ ጠፋ። የሳሎን መጋረጃ ካልሆነ በቀር ለአንድ ነገር ይህን ያህል ጨርቅ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። እዚያው ሰፈር ሙዚየም የሆነ የድሮ ቤት አለ፤ የዚያ ኃላፊ ነኝ አለችኝ። እንግዳ የሚያስጎበኙት ሴቶች ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በፊት፣ የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ግድም ይለበስ የነበረውን ለብሰው ነው። ይሄኛው ብብቱ ላይ ተተርትሯል። "ማሽን እንዳይነካው፣ በእጅ ብቻ" አለች።

ገልብጬ አየሁት። ደረቱ ጥብቅ ነው፤ ከወገቡ በታች ሽንሽን በሽንሽን ሆኖ ይወርድና መሬት ሲደርስ እንደ ሞሰብ ይሰፋል። አለባበሱን ነገረችኝ። መጀመሪያ ስስ የጥጥ ሸሚዝ፤ ከዚያ ኮርሴት፣ ከጀርባ በገመድ እየተሳበ ወገብን የሚጠፍረው፤ ከዚያ ቀሚሱን ነፍቶ የሚይዘው የብረት ቀለበት፤ ከዚያ ብረቱ እንዳይታይ የውስጥ ጉርድ፤ መጨረሻ ላይ ቀሚሱ።

"ታዲያ አንዷ ሴት ለብሳ ለመውጣት ሌላ ሴት ታስፈልጋታለች ማለት ነው" አልኳት።

"ልክ ነሽ" አለችና ፈገግታዋ ቀነስ አለ። እኔም ልብ አልኩ። አንድ ነገር አለ አልኩ በሆዴ።

ብብቱን በእጄ ሰፍቼ ሰጠኋት። ስፌቱ የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጋ ስታጣው ሌላ አመጣች፣ ከዚያም ሌላ። ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ በቤልትዌይ መንገድ ተጋፍቼ የምመጣበት ሥራ ትንሽ ደስ ማለት ጀመረ። እጄ ከሱሪ ሌላ ነገር ካገኘ ቆይቶ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ይዣት እመጣለሁ። እዚሁ አሜሪካ የተወለደች፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ፤ ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። በአማርኛ ስናገራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ሁለታችንም ለምደነዋል። ስልኳን ይዛ ላውንደሪው ወንበር ላይ ተኮራምታ ሳለች ሴትዮዋ አየቻትና "ለምን እኛ ጋ አትመጣም? ትምህርት ቤቷ የሚጠይቀውን የበጎ ፈቃድ ሰዓት እንሞላላታለን" አለች።

በነጻ ማሠራት ሲፈልጉ በጎ ፈቃድ ይሉታል። ይሄን በልቤ ነው ያልኩት፤ በአፌ "ታንክ ዩ" ነው ያልኩት። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሻይ ልገዛ የወጣሁ መስዬ ሄጄ በመስኮት አየኋት። በሩ አጠገብ ቆማ ለእንግዳ ወረቀት ታድላለች። ትስቃለችም። ደህና፣ ወረቀት ማደል አይጎዳም ብዬ ተመለስኩ።

ብርዱ ሊወጣ ሲል ሴትዮዋ ሁለት ጥቅል ጨርቅ ይዛ መጣች። በጸደይ ብዙ እንግዳ የሚጋበዝበት ቀን አላቸው፤ ለዚያ ሁለት አዲስ ቀሚስ እንድሰፋ ነው። አንደኛው ጥቅል ውሃ ሰማያዊ ሐር ነው፤ እጄን ሳሳርፍበት ልቤ ደነገጠ። ሁለተኛውን ስትፈታው ደግሞ ሳቄ መጣ።

"አቡጀዲ!" አልኩ በአማርኛ።

አቡጀዲ ነው በቃ። ያልነጣ፣ ሻካራ፣ እኛ አገር ፍራሽ የምንለብድበት፣ የሞተ ሰው የምንገንዝበት። አያቴ አቡጀዲ ድሮ ከባሕር ማዶ በመርከብ ይመጣ ነበር፣ በዚያን ዘመን አቡጀዲ የለበሰች ሴት ገበያ ስትወጣ ሰው ዞሮ ያያት ነበር ስትለን እንስቅባት ነበር። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ሐሩ እንግዳ ለሚቀበሉበት ክፍል ነው፣ ለእመቤቷ። ይሄኛው ለኩሽናው ነው፤ ኩሽናውን ታስጎበኝ የነበረችው ጡረታ ወጥታለች አለች። ኩሽናው ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኳትም። በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር፣ ኩሽና ውስጥ የነበረችው ማን እንደሆነች አውቃለሁ። ደሞዝ የሚከፈላት ሠራተኛ አልነበረችም።

ልትወጣ ስትል ዘወር ብላ ጠቀሰችኝ። "ከሁለቱ አንዱን የምትለብሰውን ልጅ በደንብ ታውቂያታለሽ። ልኩን በስልክ እነግርሻለሁ።"

ልቤ ዘለለ። ልጄ! ልጄ በሐር! ያን ቀን ማታ ሐሩን ቤት ወስጄ ሶፋው ላይ ዘረጋሁት፤ ልጄ ከክፍሏ ወጥታ አየችውና "ፕሪቲ" ብላ ውሃዋን ጠጥታ ገባች። ሊያስደንቁኝ ነው ብዬ እኔም ያላወቅኩ መሰልኩ። ብቻ ምላሴ አላርፍ አለኝና ድሮ እኛ አገር የጌቶች ሚስቶች ምን ይለብሱ እንደነበር በበሯ ቀዳዳ እነግራት ጀመር። የቅድመ አያቴ ቀሚስ አንገቱና ደረቱ በሐር የተጠለፈ፣ እስከ መሬት የሚደርስ፤ ከሥሩ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጥልፍ ያለበት ጠባብ ሱሪ፤ እግሯ ላይ የብር አልቦ። ለክብረ በዓል ስትወጣ ቀሚሱ ነጭ፣ ከነጭም ነጭ።

በሩ ተከፈተ። "ማነው የሚያጥብላት?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ያን ሁሉ ነጭ ልብስ።"

"ቤት ውስጥ ሰዎች ነበሩ። አያቴ 'የቤት ልጆች' ትላቸው ነበር።"

"ደሞዝ ነበራቸው?"

"ተኚ፣ ነገ ትምህርት አለሽ" አልኳት። አየችኝ። ያ አስተያየቷ የኔው ነው፤ እኔ ሰው ስጠረጥር የማየው አስተያየት። በሩን ዘጋችው።

የክርስትና እናቷ ውድብሪጅ ነው የምትኖረው። ነገር የማሽተት ችሎታዋ ከኔም ይብሳል። በማግስቱ ኮል አደረገችልኝና ስለ ሐሩ ስነግራት እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ 'እህ' ብቻ አለች።

"ምነው?" አልኳት።

"ኩሽናውን የምታስጎበኘዋ ጥቁር ሴትዮ ጡረታ ወጣች ብለሽኝ አልነበር?"

"እና?"

"እናማ ኩሽናው ባዶ ነው።"

"ኧረ ወዲያ!" አልኳት። "ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን!"

"እኔ ምን አገባኝ" አለች። "ብቻ ልጄን እንደ ባሪያ አልብሰው ሲያቆሟት በፌስቡክ እንዳላይ።"

ስልኩን ዘጋሁባት። 'ባሪያ' ያለችው ቃል ግን አልለቀቀኝም። ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ እዚህ አገር ስኖር አንድ ነገር ስነግራት ነው ያደገችው፦ እኛ ሌላ ነን፣ የኛ ታሪክ ሌላ ነው፣ ሰው ሲጠይቅሽ ሐበሻ ነኝ በይ። ይሄን ሁሉ ለፍቼ ነው አንዲት ፈገግተኛ መጥታ ኩሽና ልታስገባብኝ? በጭራሽ አልኩ። ደግሞም ሐሩ የሷ ነው፣ ሴትዮዋ ራሷ ጠቅሳኛለች አልኩ። ግን ሆዴ አላመነም።

የሴትዮዋ ስልክ ሥራ ላይ እያለሁ መጣ። መጀመሪያ የሐሩን ልክ ነገረችኝ፤ ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ ክንድ። ከዚያ የአቡጀዲውን። እየሰማሁ ጠመኔ ይዤ ጨርቅ ላይ ጫርኩት። ልብስ የምለካበት አንገት የሌለው የሴት ገላ ቅርጽ አለኝ፤ ብሎኑን ሳዞረው ደረቱ ይሰፋል፣ ወገቡ ይጠባል። የሐሩን ልክ ሳስተካክልበት አንዲት ደረተ ሰፊ፣ ረዘም ያለች ሴት ወጣች። አላውቃትም። የአቡጀዲውን ሳስተካክል ግን እጄ ልኩን አወቀው። ቀጭን ወገብ። ጠባብ ጀርባ። ከትከሻ እስከ አንጓ ረዘም የሚል ክንድ። ብሎኑን አዙሬ ስጨርስ ልጄ ላውንደሪው መሃል አንገቷን አጥታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች።

ደሜ ፈላ። ለካ የጠቀሰችኝ ለዚህ ነው! በገዛ እጄ፣ በገዛ መርፌዬ፣ ለገዛ ልጄ የባሪያ ልብስ ልታሰፋኝ! ደውዬ ልጮህባት ስልኩን አነሳሁና አስቀመጥኩት። እንግሊዝኛዬ ስናደድ ይከዳኛል። ደግሞ ብጠይቃት ፈገግ ትልና የሆነ ጥሩ ነገር ትነግረኛለች፤ እኔም አምኜ እገባለሁ። እሷን ለመያዝ ቃል አይበቃም አልኩ።

ስለዚህ ቀያየርኩት። ሐሩን በልጄ ልክ ቆረጥኩት፤ አቡጀዲውን በዚያች በማላውቃት ሴት ልክ። ሐር አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ፤ ማንም መልሶ አያሰፋውም። ቀኑ ሲደርስ ምን ሊያደርጉ ነው? ልኩ የሆናት ትልበሳ! ሐሩን ስሰፋው አንድም ስፌት አላጓደልኩም። ሽንሽኑን አንድ በአንድ በጣቴ እየለካሁ፣ እጅጌውን ሁለት ጊዜ ፈትቼ፣ ጠርዙን ክሩ በማይታይ ስፌት ዘመዘምኩት። አቡጀዲውንም አላበላሸሁትም፤ ሥራ ሥራ ነው። ግን ስሰፋው ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ሴትዮዋ መሃል ላይ ብቅ ብላ "ሐሩ በቃሽ? ትንሽ ተርፎ ይሆን?" አለችኝ።

ይኸው! ሌባም አደረገችኝ ማለት ነው። የተረፈውን ቁራጭ ሁሉ፣ የጣት ያህሉን ሳይቀር፣ በላስቲክ ጠቅልዬ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ግራ ገብቷት አየችኝ። "ለማሰሪያ ጥብጣብ የሚሆን ካለ ብዬ ነው" አለች። እኔ ግን የሰማሁትን ሰምቻለሁ። ልጄም እዚያው ነበረች፤ ላስቲኩን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ምነው ብላት "ነቲንግ" አለችኝ። እሷም ነገር ትደብቅ ጀመር አልኩ። ያን ሰሞን ማንንም አላመንኩም።

ልብሱ የሚሞከርበት ቅዳሜ ሁለቱን ቀሚሶች ይዤ ራሴ ሄድኩ። ለሐሩ የተመረጠችው የኮሌጅ ተማሪ ናት፤ ነጭ፣ ሳቂታ፣ ምንም የማታውቅ። ኮርሴቱን ጠፍረው፣ ትንፋሿን አስይዘው፣ ቀሚሱን አጠለቁላት። ከጀርባ አልገጥም አለ፤ መሃሉ ክፍት ቀረ። ልጅቷ ቀላች። ሴትዮዋ ጨርቁን ግራና ቀኝ ትጎትታለች። "ምን ሆኖ ነው?" ትላለች። እኔ መርፌ ትራሴን ይዤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መስዬ ቆሜያለሁ።

ልጄ ከሌላው ክፍል በአቡጀዲው ወጣች። ቀሚሱ ከትከሻዋ ተንሸራቶ፣ ወገቡ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሁለት ልጅ ያስገባል። ዞራ ሐሩን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ከልጅነቷ ጀምሮ የለበሰችውን ሁሉ የሰፋሁላት እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን አልጠበባትም፣ አንድም ቀን አልሰፋትም። ሴትዮዋ "ልኩ ተቀያይሮ መሆን አለበት፣ ያጋጥማል" ስትል ልጄ ዓይኗን ከኔ ላይ ነቀለች። ገብታ ለወጠች፣ ቦርሳዋን አንጠለጠለች፣ መኪናው ጋ ሄዳ ቆመች።

ወደ ቤት የሚወስደውን ድልድይ ተሻገርን። ወሬውን የጀመርኩት እኔ ነኝ።

"ማነው ይሄን ልብስ የሰጠሽ?"

"ማንም። እኔ ነኝ የጠየቅኩት።"

"እሷ ናት እንዲህ በይ ያለችሽ?"

"ማም! እኔ ነኝ! እሷ በሩ ላይ ሁኚ ነው ያለችኝ። ኩሽናውን ስጡኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። እናቴን አስፈቅጂ አለችኝ፣ ፈቅዳለች አልኳት።"

ዋሽታለች ማለት ነው። መናደድ ነበረብኝ፤ ግን ሌላው ነገር ቀደመኝ። "ለምን? እዚህ ምድር ላይ ስንት ልብስ እያለ! እኛ እኮ የነሱ ታሪክ ውስጥ የለንበትም!"

መስኮቱን እያየች ተናገረች። በብርዱ ጊዜ ለትምህርት ቤት ጭፈራ የሚሆን ቀሚስ ልታይ ከጓደኛዋ ጋር አንድ ሱቅ ገብታ ነበር። ጓደኛዋ ነጭ ናት። ጥበቃው ከመደርደሪያ መደርደሪያ ሲከተላት ቆየና ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ያዛት። እሷን ብቻ። ቦርሳዋን አራግፊ አላት። ደብተሯን፣ የቤት ቁልፏን፣ እኔ የቋጠርኩላትን ዳቦ፣ የወር አበባ መጠበቂያዋን ሳይቀር ሰው እያየ ባንኮኒው ላይ አራገፈች። ምንም አላገኘም። ሂጂ አላት። ይቅርታ እንኳን አላላትም። ሐበሻ ነኝ ብለው ምን ይለኝ ነበር ትላለች። ምን ይላት ነበር?

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ብነግርሽ 'ምን አድርገሽ ነው?' ትይኛለሽ።"

አልኩሽ ወይ ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እውነት ለመናገር ሱቁን፣ ጥበቃውን፣ ቦርሳውን ስትነግረኝ አፌ ላይ የመጣው የመጀመሪያው ቃል እሱ ነበር። ምን አድርገሽ ነው? ሰዉን ሁሉ ስጠረጥር ኖሬ፣ ልጄን እንደ ሌባ የሚያያት ሰው እንዳለ አንድም ቀን ሳላስበው! ሲያዋርዷት ደግሞ ከእነሱ ጋር አብሬ እጠረጥራታለሁ ብላ ፈርታኝ ብርዱን ሙሉ ብቻዋን ተሸክማዋለች። የሚቀጥለው መውጫ ላይ መኪናውን ላዞረው መብራት አሳየሁ።

"ወዴት ነው?" አለች።

"ሱቁ ጋ! ያንን ጥበቃ ላየው ነው!"

"ማም፣ ኢትስ ክሎዝድ" አለችኝ። ከዚያ ሳቀች፣ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ እኔም አብሬያት አነባሁ፤ ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩንባውን ነፋብን።

የቀረውን ቤታችን ደጃፍ መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ነገረችኝ። በዚያ ቤት ኩሽና ውስጥ አንዲት እናትና ልጅ ነበሩ። እናትየው የእመቤቷን ቀሚሶች የምትሰፋ ባሪያ ነበረች። ከእመቤቷ ሐር ቁራጭ ጠፋ ተባለ፤ ሰፊዋ ናት የሰረቀችው አሉ። ማንም አላየም፣ ማንም አላጣራም። እዚያው አሌክሳንድሪያ ለነጋዴ ሸጧትና በመርከብ ወደ ደቡብ ወሰዷት። ልጅየዋ ቀረች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር ይባላል። ስሟን የጻፈው የለም።

"ሐሩን በላስቲክ ጠቅልለሽ ስትሰጫት አንቺን በልቤ ያችን የተሸጠችዋን ሰፊ አደረግኩሽ" አለችኝ። ከዚያም የአቡጀዲውን ጥጥ የለቀሙት እንደ እነሱ ያሉ ሰዎች እንደሆኑ፣ ጨርቁ ተሸምኖ በመርከብ እስከ እኛ አገር ድረስ ይሸጥ እንደነበር ነገረችኝ። የሙዚየሙ ግድግዳ ላይ አንብባው ነው። አያቴ ሰው ዞሮ ያያት ነበር ያለችን አቡጀዲ ማለት ነው። እኔ ደግሞ የነሱ ታሪክ ውስጥ የለንበትም ስል ነበር። "ግቢ፣ ይበርድሻል" አልኳት።

አቡጀዲውን በአንድ ሳምንት ፈትቼ በልኳ ሰፋሁት። ሐሩ አልመለስ ስላለ ለኮሌጇ ልጅ ከአሮጌዎቹ ቀሚሶች አንዱን አሰፋሁላት። ለሴትዮዋ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት፤ ሆን ብዬ ነው አላልኩም። "አውቃለሁ" አለችኝ። የቱን እንዳወቀች እስካሁን አላውቅም። ያን ፈገግታዋንም እስከ መጨረሻው አላመንኩትም፤ ሰላምታ ግን ተሰጣጥተናል። የክርስትና እናቷ ስሰፋ ደውላ "መግነዝ አለበስሻት እኮ!" ብላ አማተበች። "ከፈራሽ አትምጪ" አልኳት። አልመጣችም።

ቀኑ ሲደርስ ሻሿን ራሴ አሰርኩላት። እነሱ ያሰሩላት እንደ ፋሻ ነበር። ከዚያ ውጪ እንድጠብቅ ሴትዮዋ ስትነግረኝ አልሰማሁም። ኩሽናው ጥግ፣ ምድጃው አጠገብ፣ መርፌዎቼን ደረቴ ላይ ሰክቼ ቆምኩ። ሰው ምን እንደሚላት ማወቅ እፈልጋለሁ። አንዱ ቢስቅ፣ አንዷ አጓጉል ነገር ብትናገር እዚያው አለሁ። የሚገባውን ሁሉ ከጫማው እስከ ኮፍያው እያየሁ፣ ማን ምን ሊል ነው እያልኩ፣ ዓይኔ ደከመ።

ማንም አልሳቀም። ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትናገራለች፣ እንደ ራሷ ታሪክ፤ ደንቡ እንደዚያ ነው፣ እንግዳ ፊት ከዚያች ልጅ ሕይወት መውጣት አይፈቀድም። እናቴ በዚህ መስኮት አጠገብ ነበር የምትሰፋው ትላለች። ሐር ሰርቀሻል አሏት። አልሰረቀችም። ጠዋት ስነሳ አልነበረችም። ሰው ሰምቶ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ነጭ ሴት ትንሽ ልጇን ይዛ ገባች። ሕፃኗ ፊተኛው ጥርሷ ወልቋል። ታሪኩን አፏን ከፍታ ሰማችና ዓይኗ ኩሽናውን ሲዞር እኔ ላይ አረፈ። የኔን ፊት አየች፣ የልጄን ፊት አየች።

"እሷስ ማናት?" አለች። "እናትሽ ናት? ተመልሳ መጣች?"

እናትየው እፍረት ይዟት ልጇን ጎተተቻት። ኃላፊዋ ሴትዮ በሩ ላይ ቆማለች። ልጄ ኃላፊዋን አየት አደረገቻት፤ ደንቡን ታውቃለች። አዎ ብትል ሕፃኗ ደስ ብሏት ትሄዳለች፤ እንደዚያ እንድትልላት እኔም ፈልጌ ነበር። ልጄ ግን ጎንበስ ብላ ከሕፃኗ ዓይን ጋር ተገጣጠመች።

"አይ። የዚያች ልጅ እናት አልተመለሰችም" አለቻት። "ይቺ የኔ ናት።"

ሕፃኗ እንደገና ወደ እኔ ዞረች፣ እውነት ነው ወይ እንደማለት።

"የሷ ነኝ" አልኳት፣ እየተንተባተብኩ፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።